ጣሳው ሙሉ ነበር

ኔፓል፣ ጥር 14 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አክስቴ ለሮዲንጊ፣

እርስዎ፣ ሽማግሌው ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና አዲሷ ምራትዎ እንደምን ሰነበታችሁ? የሰማይ አባት ቤታችሁን ከበሽታ፣ አሳማዎቻችሁን ከመቅሰፍት ይጠብቅልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። የዚህ አገር ብርድ የመንደራችንን የራምትላንግን ብርድ የሚያስመሰግን ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ጠመኔ መያዝ እምቢ ይሉኛል።

ያስጨነቀኝን ልንገርዎት። ከገና በፊት በነበረው ሳምንት ነፋስ ተነሥቶ የትምህርት ቤታችንን ጣራ ገነጠለና ከገደሉ ሥር ጣለው። አርባ ሁለት ልጆች አሁን ዋርካ ሥር ነው የሚማሩት። ጉም ሲወርድ እነሱ እኔን አያዩኝም፣ እኔም እነሱን አላያቸውም፤ ሲያስሉ ብቻ መኖራቸውን አውቃለሁ። የሴቶች ኅብረት መሪ እርስዎ ስለሆኑ የምለምነው እርስዎን ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ ብቻ፣ እናቶች ለቤተ ክርስቲያን ከእያንዳንዱ ድስት በሚያስቀሩት በአንድ እፍኝ ሩዝ ፈንታ ሁለት እፍኝ ቢያስቀሩልን፣ ተሽጦ የቆርቆሮው ዋጋ ይሟላልን ነበር። የእኔም የሚስዮናዊው ስንቅ ከዚያችው እፍኝ እንደሚወጣ ስለማውቅ ጭማሪ ስጠይቅ እያፈርኩ ነው።

ሌላው ጉዳይ እናቴ ናት። እባክዎ ጎራ ብለው ይዩልኝ። የመጨረሻው ደብዳቤዋ ሦስት መስመር ብቻ ናት። «ደህና ነኝ። ጠግቤ አድራለሁ። ጌታህን አገልግል።» በቃ። የጎረቤት ዶሮ ብትታቀፍ እንኳ ጽፋ የምትነግረኝ ሴት ምን ነክቷት ነው? ለገና የላክሁላትን ገንዘብም ለቤተ ክርስቲያን መባ እንደሰጠችው ሰማሁ። አንዴ ይቆጡልኝ።

የሚያከብርዎ የወንድምዎ ልጅ፣
ቢያክቱዋማ

ራምትላንግ፣ የካቲት 26 ቀን 1994

ልጄ ቢያክቱዋማ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጌታ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ጣቶችህንም ያሙቅልህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አጎትህ ብቻ ወገቡን እያለ ያማርራል፤ ምሳ ሲደርስ ግን ወገቡ ይሻለዋል።

ደብዳቤህን እሑድ ከስብከት በኋላ ተነሥቼ ለሴቶቹ ሁሉ አነበብኩላቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ጨምሬበታለሁ። ጣራውን ከገደሉ አሳልፌ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። ሴቶቹ አለቀሱ። «ሁለት እፍኝ ማን ይሰጣል?» ስል መጀመሪያ እጇን ያነሣችው ማን ይመስልሃል? እናትህ ናት! ከፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ «የሚስዮናዊው እናት» ብለን እዚያ ካስቀመጥናት ቆይተናል። እሷ እጇን ስታነሣ ሌላው ምን ይበል? ሁሉም አነሣ።

ምራቴ ግን አሳቀችኝ። ከአይዞል ከተማ የመጣች ስለሆነች የእኛን የገጠር ደንብ አታውቀውም። «እማዬ፣ ከእያንዳንዱ ድስት ነው የሚወጣው?» አለችኝ። «አዎ፣ ጠዋትም ማታም። ሩዙ ከመታጠቡ በፊት የጌታ ድርሻ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ቅዳሜ ልጃገረዶቹ ቅርጫት ይዘው ይዞራሉ» አልኳት። «ድስት ያልተጣደ ዕለትስ?» ብትለኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «የማን ቤት ነው ድስት የማይጣድበት?» አልኳት።

እናቴን ይዩልኝ ላልከው፣ በየሳምንቱ አያታለሁ። የቤቷን ነገር ደግሞ ጣሳዋ ይነግረኛል። እኔ ይህን ኅብረት ስመራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጣሳ አይቼ የቤቱን ጓዳ አውቃለሁ። ማን እንግዳ መጣበት፣ ማን ልጁ ታሞበት ሳይበላ ዋለ፣ ሁሉም እዚያ አለ። የእናትህ የሳይኩሚ ጣሳ ከአሥራ አራት እፍኝ ጎድሎ አያውቅም፤ አሁን ሃያ ስምንት ሆኗል። በቀን ሁለቴ ትበላለች ማለት ነው። ልጃገረዶቹ ደረጃ ወጥተው እንዳይደክሙ ብላ ጣሳውን ከታች ቤቱን ከተሸከመው ቋሚ ላይ ሰቅላዋለች። እንዲህ ያለች አሳቢ ናት። ስለ መባው ግን ተቆጥቻታለሁ፤ ሳቀችብኝ።

ሰፈራችን በእፍኝ ሩዝ ከአራቱ ሰፈሮች አንደኛ ወጣ። የላይኛዎቹ ሰፈሮች ፊታቸውን አጨፍግገው ነው የሄዱት።

አክስትህ፣
ሮዲንጊ

ኔፓል፣ ሰኔ 18 ቀን 1994

ለተከበሩ አክስቴ፣

የእግዚአብሔር ቸርነት ከእርስዎና ከቤትዎ አይለይ። በዝናቡ ምክንያት መንገዱ ተንዶ ስለነበር መልሴ ዘገየ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጣራው ተሠርቷል። ዝናብ ሲዘንብበት የሚሰማው ጩኸት ሌላ ነው፤ ልጆቹ ግን ይወዱታል፤ ትምህርት እንዳይሰማቸው ሰበብ ሆኗቸዋል። ለእያንዳንዷ እናት ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

አሁን የማነሣውን ነገር እንዳይቀየሙብኝ። የላይኛው ሰፈር ልጅ ሩዋልኩማ ለትምህርት ካትማንዱ መጥቶ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ጠየቀኝ። ስለ ሁሉም ሰው አወራልኝ። ስለ እናቴ ስጠይቀው ግን ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር እንኳ አላስገባበትም ነበር። «ምነው?» ስለው፣ በግንቦት የሰው ማሳ ስታርም እንዳያት ነገረኝ። በቀን ሥራ፣ ለሩዝ። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አክስቴ። «ከስታለች?» አልኩት። «እኔ እንጃ፣ ወንድሜ፣ ሻሽ አስራ ስለነበር ፊቷን በደንብ አላየሁትም» አለኝ። ሊዋሽልኝ ሲሞክር ነው፤ ውሸት አይሆንለትም።

እና አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። ከእናቴ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የበሉት መቼ ነው? ከታች ሆነው ሳይሆን ደረጃውን ወጥተው፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠው?

ልጅዎ፣
ቢያክቱዋማ

ራምትላንግ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1994

ልጄ ቢያክቱዋማ፣

በጌታ ሰላም እልሃለሁ። ዘገየሁ፤ ምክንያት አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሃምሳኛ ዓመት በዓል ነበር፤ ስድስት መቶ እንግዳ በዚህ ጭቃ ውስጥ! ዘጠኝ አሳማ አረድን። ሽማግሌዎቹ አዲስ ደወል አስመጥተው፣ ሲሰቅሉት ገመዱ ተበጥሶ አንዱን ዲያቆን ለጥቂት ሳተው። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኛል። ይህን ሁሉ የምነግርህ ተቀምጬ እንዳልነበር እንድታውቅ ነው፤ ጥያቄህ ትንሽ ነክታኛለች።

እንደ ነገርከኝ ሄጄ ነበር። ገና ከሩቅ ስታየኝ ወርዳ ከደረጃው ሥር ተቀበለችኝ። «ሮዲ፣ ያንን እግርሽን ይዘሽ አትውጪ፣ ደረጃው ያንሸራትታል» አለችኝ። እዚያው ቆመን አወራን። «የሰው ማሳ ታርሚያለሽ አሉ?» አልኳት። «ከመቀመጥ ይሻለኛል፣ ደሜን ያሞቅልኛል» አለች። «ትበያለሽ ወይ?» አልኳት። ጣሳውን በጣቷ መታ መታ አደረገችውና «ይኸው ጠይቂው!» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በእውነት ከስታለች፤ ግን በዚህ ዕድሜ ማን ይወፍራል? እኔ ብቻ ነኝ።

ሌላም ልንገርህ፤ ትኮራባታለህ። ከፋሲካ በኋላ ሁላችንም ወደ አንድ እፍኝ ስንመለስ እሷ አልተመለሰችም። እስከ ዛሬ ሁለት ሁለት ነው የምታስቀረው። እኔም በበዓሉ ዕለት በስድስት መቶ ሰው ፊት ስሟን ጠርቼ አመሰገንኳት። መጋቢው አዲስ የተሸመነ ጋቢ አለበሳት። ጭብጨባው ደወሉን የሚያስንቅ ነበር። የሥጋ ድርሻዋን እዚያው አልበላችም፤ በቅጠል ጠቅልላ ወደ ቤት ይዛው ሄደች። በሕዝብ መሐል መብላት ታፍር እንደሆነ እንጃ።

ስለዚህ ሐሳብ አይግባህ። አገልግሎትህን አገልግል።

አክስትህ፣
ሮዲንጊ

ኔፓል፣ መስከረም 25 ቀን 1994

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። አላጠፉም፤ አላስቀየምኩዎትም ብዬም ተስፋ አደርጋለሁ። ግን ሥጋውን ለምን ወደ ቤት እንደወሰደችው አሥር ቀን ሙሉ ሳስብ ሰነበትኩ።

ሁለት ነገር ልለምን። አንደኛ፣ እሷን አይጠይቋት። እናቴ ተጠይቃ አታውቅም፤ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው መልሷ። በሰበብ ወጥተው ምድጃውን ይዩልኝ። ሁለተኛው ይከብዳል። ከምትሰበስቡት ሩዝ ለእሷ እንዲቆረጥላት በኅብረቱ ፊት ያቅርቡልኝ። ከእኔ ስንቅ ይቀነስ። እኔ እዚህ ድንች አለኝ።

ቢያክቱዋማ

ራምትላንግ፣ ኅዳር 20 ቀን 1994

ልጄ፣

ቴሌግራም ልከንልሃል፤ ደርሶህ ከሆነ ታውቃለህ። ካልደረሰህ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብብ። እናትህ ሳይኩሚ ኅዳር 3 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ አልጋ ላይ ዐረፈች። እግዚአብሔር ያጽናህ። እስክሪብቶ ይዤ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ነበር፤ ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ።

ሁሉንም እነግርሃለሁ፤ ምንም አልጨምርበትም።

ደብዳቤህ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ደረሰኝ። ልመናህን ሩዙን ለሚያዘው ለቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ አቀረብኩ። ሽማግሌ ቾንግኑንጋ ተነሣና፣ «ለጌታ የወጣ ሩዝ ወደ ድስት አይመለስም» አለ። ደግሞም፣ «የሚስዮናዊ እናት ለችግረኛ የሚሰጥ ሩዝ ብትቀበል ለእሷም ለእኛም ነውር ነው» አለ። አንድ ሰው፣ «ከመከር በኋላ እንየው» አለ። በዚያ ተስማማን። እኔ እዚያ ተቀምጬ ነበር፣ ቢያክቱዋማ። አፍ አለኝ፤ ለአሳማ ማረድና ለደወል መስቀል የሚጮኸው አፌ ያን ዕለት ተዘጋ። ቤቴም ሄጄ ራሴ ልውሰድላት አላልኩም፤ በኮሚቴ የተያዘ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ጥቅምት 29 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከልጃገረዶቹ ጋር እየዞርኩ ነበር። እናትህ ቤት ስንደርስ ልጃገረዷ ጣሳውን አውርዳ ቅርጫቱ ውስጥ ገለበጠችው። «እማማ ሳይኩሚን ጠራኋቸው፤ አይመልሱም፣ ጣሳው ግን ሙሉ ነው» አለችኝ። «እንግዲያው ማሳ ወርዳ ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ቤት መሄድ ጀመርኩ። ልጄ፣ አሥር እርምጃ ሄጃለሁ። ከዚያ ምድጃውን ይዩልኝ ያልከው ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

ተኝታ ነበር። «ሮዲ፣ ምን አስወጣሽ? ጣሳው ከታች ነው» አለችኝ። ምድጃው ላይ ድመቷ ተኝታለች፤ አመዱ ከበረደ ስንት ቀን እንደሆነው እንጃ። ጎታውን ከፈትኩት። ከሥሩ የነበረውን ሩዝ በጣት መልቀም ይቻላል። «ከበላሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አልኳት። «እሑድ በልቻለሁ» አለች። ቅዳሜ ነበር።

በጀርባ ተሸክመን ወደ ቤቴ አወረድናት። በኋላ ቀስ እያለች ነገረችኝ። በማሳ ሥራ ያገኘችውን ሩዝ ይዛ ስትገባ መጀመሪያ የሳምንቱን ሃያ ስምንት እፍኝ ጣሳው ውስጥ ታስገባለች። ከዚያ በቀረው ትበላለች። ረቡዕ ላይ ያልቃል። ክረምቱ ሲገባ ወገቧ እምቢ ስላላት ሥራውም አነሰ፤ ከጣሳው የቀረው እሑድን ብቻ የሚያበላ ሆነ። «ታዲያ ጣሳውን ለምን ትሞያለሽ?» አልኳት፤ ጮኬባታለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። «አጉድዬው ቢሆን ታውቁብኝ ነበር» አለች። «ብናውቅስ?» አልኳት። «እናቱ ተራበች ብላችሁ ልጄን ከሥራው ትጠሩታላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። ጋቢውን ከለበሰች በኋላማ መቀነሱም አልታሰባትም።

ሾርባም፣ የሩዝ ውሃም ሰጠናት። የጤና ረዳቱ ሆዷ ውስጥ የቆየ ሕመም እንዳለ፣ ሰውነቷ ግን የሚታገልበት ነገር እንዳልቀረው ነገረን። አልተረፈችም። መጨረሻ ላይ አንተን ጠርታ ነበር። በስምህ ሳይሆን ሕፃን ሳለህ እንደምትጠራህ «ቱዋማ» ብላ።

ቀብሩ ያማረ ነበር ይላሉ። ወጣቶቹ መቃብሩን በአንድ ጠዋት ቆፍረው ጨረሱ። አራቱም ሰፈር መጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ጎታዋ በሩዝ ሞልቶ ተርፎ ወለሉ ላይ ተቆለለ። እሱን ሳይ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ደግሞ ኮሚቴው በየካቲት በሚከበረው የሴቶች እሑድ ላይ ታሪኳ እንዲነበብ ወስኗል። ርዕሱንም ሰጥተውኛል፤ «እስከ መጨረሻዋ እፍኝ የሰጠች እናት» የሚል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። የልጅነት ታሪኳን ካወቅህ ላክልኝ፤ ፈቃድህንም እሻለሁ።

የማትረባው አክስትህ፣
ሮዲንጊ

ኔፓል፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1994

አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሌላ ምርቃት ዛሬ ከእጄ አልወጣ አለኝ። ቴሌግራሙ ከደብዳቤዎ አራት ቀን ዘግይቶ ደረሰ።

ልጆቹ ዛሬ ለገና መዝሙር ሲለማመዱ ዝናቡ ጣራው ላይ ወረደ። ወጥቼ ሜዳው ላይ ቆምኩ፤ በስብሻለሁ። ሁለት እፍኝ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እስከ ፋሲካ ብያለሁ፤ ግን እናቴ የእኔን ልመና እስከ መቼ እንደምትፈጽም ማወቅ ነበረብኝ፤ ልጇ ነኝ። ሦስቱን መስመሯንም አንብቤያለሁ። ምግብ የጠገበ ሰው «ጠግቤ አድራለሁ» ብሎ አይጽፍም። ያን ጊዜ ተነሥቼ ብመጣ ኖሮ በየካቲት እዚያ ነበርኩ። ለአርባ ሁለት ልጆች ጣራ አሰብኩ፤ የእሷን ምድጃ ለሌላ ሰው ተውኩት። ዓመቱን ሙሉ የበላሁት ሩዝ ከእሷ አፍ የወጣ ነው፣ አክስቴ። እዚህ ሩዝ ሲቀርብልኝ አሁን ተነሥቼ እወጣለሁ።

ስለ ታሪኳ ፈቃዴን ጠይቀውኛል። አልፈቅድም። በዚያ ርዕስ አልፈቅድም። እሷን በዚያ መንገድ ካመሰገናችሁ፣ እዚያ ከተቀመጡት ሴቶች መሐል ከቤቷ ድስት ያልጣደች አንዲት ብትኖር፣ ሰምታ ወደ ቤቷ ሄዳ ጣሳዋን ትሞላለች። እናቴ ቅዱስ እንድትባል አልፈልግም። አሮጊት ነበረች፤ ርቧት ነበር።

ለእኔ ሁሉን አድርጋችኋል። ሸኛችሁኝ፣ ጸለያችሁልኝ፣ ስንቅ ሰፈራችሁልኝ። ልጇን ስትወስዱ ግን በልጇ ፈንታ ማን እንጨት እንደሚፈልጥላት፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳላት፣ ማን ቤቷ ገብቶ አብሯት እንደሚበላ አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ሰው ተመድቦላት ቢሆን፣ አንድ ሰው፣ ይበቃት ነበር። ለደወሉ ስንት ሰው ተመድቦ ነበር?

መጻፍዎ ካልቀረ ያላደረግነውን ይጻፉ። ስሜንም ያስገቡ።

«ይቅር በለኝ» ሳይሉኝ እንደፈለጉት ገብቶኛል። እዚያ ገና አልደረስኩም። ስደርስ እጽፍልዎታለሁ።

ቢያክቱዋማ

ራምትላንግ፣ የካቲት 12 ቀን 1995

ልጄ ቢያክቱዋማ፣

ሐዘንህን የሚያውቅ ጌታ አጠገብህ ይሁን። ይቅርታህን አልቸኩልብህም፤ እኔም ለራሴ ገና አልሰጠሁትም።

ባለፈው እሑድ አነበብኩት። ቀድሞ ለሽማግሌዎቹ ማሳየት ነበረብኝ፤ አላሳየሁም። እንዲህ የሚል ነው፤ «ሳይኩሚ በመካከላችን ተርባ ሞተች። ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ቤቷ ድረስ ሄደን ሩዝ ወስደናል። እኔ ጣሳዋን እንጂ ፊቷን አላየሁም። አመሰገንኳት፤ ምስጋናዬም መቀነስ እንዳትችል አደረጋት። ልጇ ምድጃዋን ይዩልኝ ብሎ ሲለምነኝ ኮሚቴ ጠበቅሁ። ልጇም ራሱን ይወቅሳል፣ ስሙንም አስገቢ ብሎኛል፤ እኔ ግን እዚህ ነበርኩ።» ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ። አሜን ያለ አልነበረም። ሽማግሌ ቾንግኑንጋ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። አጎትህም በሕዝብ ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ በሦስተኛው ቀን ካልሲው ጠፋበትና ተናገረ።

መጋቢው ግን ማክሰኞ ዕለት ቤቴ መጣ። ወጣት ነው፤ ሲቀመጥም ሲናገርም ያፍራል። «ምን ይሻላል?» አለኝ። «ከታች ሆኖ መሰብሰብ ይቅር። ሰብሳቢ ሁሉ ደረጃ ይውጣ፣ ይቀመጥ፣ ይጠይቅ። ለጎደለበት ቤት ከዚያው ቅርጫት ይሰፈርለት፤ ማንንም ሳናስፈቅድ» አልኩት። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ልጠብቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። «አልጠብቅም» አልኩት። ተነሣና፣ «እንግዲያው አልሰማሁም» ብሎ ወጣ። ጎበዝ ልጅ ነው።

ትናንት ቅዳሜ ወጣን። መጀመሪያ ስድብ ጠገብን። «ፖሊስ ሆናችሁ? ድስት ልትፈትሹ ነው?» ያለን አለ። የአናጺው ሚስት የወጡን ክዳን አንሥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው፤ «ይኸው የአሳማ ሥጋ ነው፣ እመቤት ሮዲንጊ፣ ጨው መጥኜው እንደሆነ ቅመሺልኝ!» አለችኝ። ቀመስኩላት፤ ጨው በዝቶበታል፤ ነገርኳት። ልጃገረዶቹ ሊመለሱ ፈለጉ። እኔም እግሬ እንደ ልማዱ አብጦ ነበር። የሳይኩሚን ጉዳይ ያስታወሰ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም ብል አልዋሽህም፤ ነገሩ ሁሉ ስለ እኔ ትዕቢት ሆኖ ነበር።

በመጨረሻ ሊያንኩሚ ቤት ደረስን። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው ወደ ሰፈራችን የመጣችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ መዘምራን ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። ባሏ እንጨት ሲቆርጥ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ ሦስት ልጆች አሏት። ጣሳውን ይዛ በር ላይ ጠበቀችን። ሙሉ ነው። እየሳቀች ሰጠችኝ። «ሊያንኩሚ፣ ልግባ?» አልኳት። «ኧረ አይሆንም፣ ቤቱ አልተጠረገም» አለች። «የእኔም አልተጠረገም» አልኳት። «ሌላ ቀን ብትመጪ ይሻላል፣ ሰውየው ተኝቷል» አለች። ሳቋ ግን ቆሟል። ጣሳውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ለመሄድ እግሬን አነሣሁ፤ ያው አመሌ ነው። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩትና፣ «እኔ አልሄድም» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ጣሳውን ከእጄ መልሳ ወሰደችው።

ገባሁ። ሩዙን አጠበችና ጣደችው። እኔ እሳቱን እፍ እያልኩ ተቀመጥኩ። ልጆቿ ከጓዳ አንድ በአንድ ወጥተው እስኪበስል ድረስ ድስቱን ከበቡት። እኔም አብሬያቸው በላሁ፤ ትንሽ፣ እንዳያንሳቸው።

ይህን ለእናትህ ሳላደርግላት ቀረሁ።

አክስትህ፣
ሮዲንጊ